ዛጎል፦ ከባሕር ወለል እስከ ሕፃን አንገት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ እዚህ ግራና፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇን አቅፋ ወደ መስጂዳችን በር መጣች። ልጁ ትኩሳቱ እጅ ያቃጥላል። ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። "ሸኻችን፣ ዓይን ሳይበላብኝ አልቀረም፤ ዱዓ ያድርጉልኝ" አለች። ኢማማችን ልጁን ተቀብለው ሲያቀርቡት ከአንገቱ ላይ በጥቁር የቆዳ ክር የተሰካ ሦስት ነጭ ዛጎል አዩ። ምንም አላሉም። ፋቲሓን፣ ቁል አዑዙ ቢረቢል ፈለቅንና ቁል አዑዙ ቢረቢ ናስን ቀሩበት፤ ዱዓ አደረጉለት። ከዚያ ቀና ብለው "ሐኪም አይቶታል?" ሲሉ ጠየቋት።

"የለም ሸኻችን፤ ትኩሳቱ ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው። ዛጎሉን ያሰርንለት እኮ ለዚሁ ነበር። ዛሬ ይለቀዋል፣ ነገ ይለቀዋል ስንል..." ብላ ዝም አለች።

ኢማሙ ባጃጅ እንዳስመጣ አዘዙኝና እናትና ልጁን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ተጀመረለት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዛሬ ይሮጣል። ግን ሌላ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የኛን ቆላ ወባ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ያን ዕለት ማታ ከዒሻ በኋላ ለኢማሙ "ዛጎሉን ለምን ወዲያው በጥሰው አልጣሉትም?" አልኳቸው። "በቁጣ ብበጥሰው ነገ ሌላ ገዝታ ታስርለታለች። ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ብታውቅ ግን ራሷ ትፈታዋለች። አንተ ኪታብ ታገላብጣለህ፤ ለወጣቶቹ ጻፍላቸው" አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ትእዛዝ የመጣ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡት።

ዛጎል ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ዛጎልን እንደ ድንጋይ ወይም እንደ አጥንት እናየዋለን። ዛጎል ግን የአንድ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ክረምት ላይ በአጥር ጥግ የምናገኛት የየብስ ቀንድ አውጣ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ እንደምትሄደው፣ የባሕሩም ቤቱን ተሸክሞ ይኖራል። የሚኖረው ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አንስቶ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል እስከ ፓስፊክ ድረስ ባለው ሞቃት ባሕር ውስጥ ነው። ቀን ቀን ከድንጋይና ከኮራል ሥር ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ወጥቶ በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን የባሕር አረንጓዴ እየላሰ ይመገባል። ትልቁ እንኳ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አይበልጥም።

ያ የሚያበራ ልስላሴው ሰው ሞርዶ ያወጣው አይደለም። እንስሳው በሕይወት ሳለ ከውስጥ ለስላሳ ሥጋውን እያወጣ ቤቱን ከውጭ ይሸፍነዋል፤ በዚያ ሥጋ እየተቀባና እየተለበጠ ነው እንደ ሸክላ ሳህን የሚያንጸባርቀው። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ደግሞ የአፉ ከንፈር ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ጥርስ ያለው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። እኛ ከፊቱ የምናየው ያ ስንጥቅ ነው። ጀርባው ደግሞ በልብስ ወይም በቆዳ ላይ ተኝቶ እንዲሰፋ ብዙ ጊዜ ይቆረጣል።

በዓለም ላይ ለጌጥና ለገንዘብ በብዛት የዋሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ጎኑ እብጥ እብጥ ያለ ቢጫማ ነጭ ሲሆን፣ ሌላው በጀርባው ላይ የወርቅ ቀለበት የመሰለ መስመር አለው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ወገን መድበው "ሞኔታሪያ" ይሏቸዋል። ቃሉ "ሞኔታ" ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም የተመታ ገንዘብ፣ ሳንቲም ማለት ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። በዐረብኛ ዛጎል "ወደዕ" ይባላል። ይህችን የዐረብኛ ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ኢብኑ በጡጣ ያየው

ከሕንድ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በውቅያኖስ መካከል ማልዲቭ የሚባሉ ብዙ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ዛሬ ሕዝባቸው ሙስሊም ነው፤ ኢስላምን የተቀበሉትም በ548 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1153 ነው። ከጥንት ጀምሮ ዓለም የሚያውቃቸው በዛጎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ956 የሞተው ታላቁ የታሪክና የጂኦግራፊ ጸሐፊ አል-መስዑዲ ስለ ደሴቶቹ ሲጽፍ፣ የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት የሚሞላው በዛጎል እንደሆነ ይናገራል። ግምጃ ቤቱ ሲጎድል ሕዝቡ የኮኮናት ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ቆርጦ ባሕር ላይ እንዲጥል ታዛለች። ቀንድ አውጣዎቹ ቅጠሉ ላይ ይጣበቃሉ፤ ተሰብስበው አሸዋ ላይ ይሰጣሉ፤ ፀሐይ ሥጋቸውን አጥፍታ ባዶ ቤታቸው ሲቀር ወደ ግምጃ ቤት ይገባል።

ከመስዑዲ 400 ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ደሴት የደረሰው ሰው ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የመግሪቡ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ ነው። ኢብኑ በጡጣ ለእኛም ሩቅ ሰው አይደለም። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ሲወርድ በዘይላ አልፏል፤ የከተማዋ የዓሣና የሚታረደው የግመል ሽታ አላስቀምጥ ብሎት ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደሩን ጽፏል። ማልዲቭ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1343 ሲሆን በደሴቶቹ ዋና ከተማ ቃዲ ሆኖ ተሹሟል። ፈራጅ ስለነበር የገንዘባቸውን ነገር ጠንቅቆ አወቀ።

የጻፈውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የደሴቶቹ ሰዎች ዛጎሉን ከባሕር ለቅመው በባሕሩ ዳር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሥጋው ጠፍቶ ነጩ ቤት ይቀራል። ገንዘባቸው ይህ ነው። 400,000 ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይመነዘራል፤ ዛጎል ሲረክስ ደግሞ ለአንድ ዲናር እስከ 1,200,000 ይሰጣል። ለቤንጋል ሰዎች በሩዝ ይለውጡታል፤ እነሱም አገራቸው ላይ ይገበያዩበታል። ለየመን ሰዎችም ይሸጡላቸዋል፤ የመኖች ግን መርከባቸው እንዳይዋልል በአሸዋ ፈንታ ከታች የሚጭኑት ማክበጃ አድርገውታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያው አንድ ዛጎል ለማልዲቩ ሰው ገንዘብ ነው፤ ለቤንጋሉ ሩዝ የሚገዛበት ነው፤ ለየመኑ መርከበኛ የአሸዋ ምትክ ነው!

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ኢብኑ በጡጣ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1352 ደግሞ ሰሐራን አቋርጦ ወደ ማሊ ሄደ። እዚያም በማሊና በጋኦ ገበያ ያንኑ ዛጎል አገኘው። አሁን ግን 1,150 ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይመነዘር ነበር። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፦ ማልዲቭ ላይ አንድ ዲናር የሚያወጣው 400,000 ዛጎል ማሊ ላይ ከ340 ዲናር በላይ ያወጣል። ዛጎሉ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። አልበራም፣ አልከበደም። የተለወጠው አገሩና የሰዉ ዓይን ነው፤ የባሕሩና የበረሃው መንገድም ብርቅ አደረገው።

ሰው የተገዛበት ዛጎል

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ልብ ይሰብራል። አውሮፓውያን ነጋዴዎች ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲደርሱ በአንድ ባሕር ላይ በጣም ርካሽ የሆነው ነገር በሌላው አህጉር ውድ መሆኑን ተረዱ። በተለይ የደችና የእንግሊዝ ኩባንያዎች የማልዲቭን ዛጎል ከሴሎንና ከቤንጋል እየጫኑ ወደ አምስተርዳምና ወደ ለንደን ወሰዱት። በመንገድ ላይ እንደ የመኖቹ ለመርከብ ማክበጃ ያገለግላቸዋል፤ እዚያ ሲደርስ በጨረታ ይሸጣል። የሚገዙት ባሪያ ነጋዴዎች ነበሩ። እነሱም ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፣ ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር ወዳለው ወደ ዊዳ ወደብና ወደ ሌሎቹም ወስደው ሰው ገዙበት።

ጉዳዩን ያጠኑ የታሪክ ተመራማሪዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የገባውን ዛጎል ወደ 10 ቢሊዮን ይገምቱታል። በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የአንድ ሰው ዋጋ ከ100,000 ዛጎል በላይ ደርሶ ነበር። ከተሸጡት መካከል ቁርአን የሐፈዙ፣ ኪታብ የቀሩ ሙስሊሞች ነበሩ። አንድ የአላህ ባሪያ፣ እናት የወለደችው ሰው፣ በባዶ የቀንድ አውጣ ቤት ተለወጠ።

"ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው" እንዳንል በእኛም አገር ሰው በጠገራ ብር ተሸጧል፤ በምጽዋና በታጁራ ወደብ በኩል ባሕር ተሻግሯል። ሰው ዋጋ የሌለውን ነገር ከፍ ሲያደርግ፣ አላህ ያከበረውን ደግሞ ዝቅ ማድረጉ አይቀርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን አድርገው ያቆሙት ቢላል (ረ.ዐ) ባሪያ የነበረ ሐበሻ መሆኑን አንርሳ።

ዋጋው እንዴት ወደቀ?

ሰው የሰጠውን ዋጋ ሰው ይወስደዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የጀርመን ነጋዴዎች አንድ ነገር አሰቡ። የማልዲቩን ዛጎል ከሩቅ ከማምጣት፣ ያ የወርቅ ቀለበት ያለበት ሁለተኛው ዓይነት በዛንዚባርና በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እንደ ጠጠር ይታፈሳል። በመርከብ እየሞሉ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ማጋዝ ጀመሩ። ገበያው ጎረፈ። ትናንት በጥቂት ዛጎል የሚገዛው እህል ዛሬ በቁና ሙሉ ዛጎል አልገዛ አለ። ዕድሜ ልካቸውን ዛጎል ሲያጠራቅሙ የኖሩ ሰዎች ሀብታቸው እጃቸው ላይ ባዶ ሆነ። በመጨረሻ ቅኝ ገዢዎች የራሳቸውን ሳንቲም ይዘው መጥተው ግብር በእሱ ብቻ ክፈሉ ሲሉ የዛጎል ገንዘብነት አበቃ።

ዛሬ ከዚያ ዘመን የቀረው ስም ነው። የጋና ገንዘብ "ሲዲ" ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲወጣ ስሙ የተወሰደው በአካን ቋንቋ ዛጎል ማለት ከሆነ ቃል ነው።

ወደ እኛ አገር እንዴት ደረሰ?

ግራና ላይ ቆሞ ባሕር አይታይም። ከሐብሩ በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ይዘረጋል፤ ከዚያ ቆላ ባሻገር ነው ቀይ ባሕርና የታጁራ ሰላጤ ያሉት። ዛጎል በወንዛችንም በሐይቃችንም አይፈጠርም። ስለዚህ በደጋም በወይና ደጋም የምናየው እያንዳንዱ ዛጎል በነጋዴ እጅ፣ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ከባሕር የመጣ ነው። ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና ዛጎል ወደ ላይ ይወጣል፤ የደጋው ምርት ወደ ታች ይወርዳል። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይህ የደጋና የቆላ መገናኘት ምን እንደሚመስል ያውቃል።

የሚገርመው ነገር ዛጎል ብዙውን የምዕራብ አፍሪካ ክፍል ሲያገበያይ፣ በእኛ ደጋ ዋና ገንዘብ አለመሆኑ ነው። ለምን ቢባል የራሳችን "ዛጎል" ነበረንና! እሱም ከአፋር ቆላ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ ጨው በየገበያው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል ጽፏል። ከጨው ማውጫው በራቀ ቁጥር አሞሌው ይወደዳል፤ ልክ እንደ ማልዲቭና እንደ ማሊው ዛጎል። በኋላ ደግሞ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር መጣና ከአሞሌ ጋር አብሮ ገበያውን ያዘ። ያም ብር ዛሬ የት አለ? በሴቶች አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ፣ ወይም ቀልጦ።

ስለዚህ ዛጎል እኛ ጋ የገባው በዋናነት ለጌጥ ነው። እናቶቻችን በቆዳ የተለበጠ አገልግል ላይ ሰፍተውታል። የቦረና እናቶች የወተት ዕቃቸውን አስጊጠውበታል። የሐመር ሴቶች የቆዳ ልብሳቸው ላይ ደርድረውታል። የበቅሎና የግመል ጌጥ ሆኗል። ይህ ሁሉ የእጅ ሙያና ያማረ ቅርስ ነው።

በጌጡ ላይ ነውር የለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል 14ኛ አንቀጽ ባሕርን ለእኛ ያገራው ትኩስ ሥጋ እንድንበላበትና የምንለብሰውን ጌጥ እንድናወጣበት መሆኑን ይነግረናል፤ እንድናመሰግንም ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የየመን ዶቃ የአንገት ጌጥ ነበራት፤ በጉዞ ላይ ጠፍቶባት ስትፈልግ ከሠራዊቱ ኋላ መቅረቷ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ታሪክ ነው። የአንገት ጌጥ ማሰር ብቻውን ችግር ቢሆን ኖሮ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አይገኝም ነበር።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ የሚጀምረው ጌጡ "ጠባቂ" የሚል ሹመት ሲሰጠው ነው። ዛጎልን አዙራችሁ ተመልከቱት። ያ ጥርስ ያለው ስንጥቅ በከፊል የተከደነ ዓይን ይመስላል። ዓይን የመሰለ ነገር ክፉ ዓይንን ይመልሳል ተብሎ ታመነ። ይህ እምነት ከእኛ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከኢስላም በፊትም የነበረ ነው። በጎረቤታችን ሱዳን ሰባት ዛጎል እየጣሉ "ዕድል" የሚያነቡ ሴቶች እስከ ዛሬ አሉ። እኛ ጋ ደግሞ ጠጠር ይጥላሉ። መጣያው ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ጠንቋይ ጋ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቃቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል።

የዐረቦቹም ጃሂሊያ እንዲሁ ነበር። ለልጅም ለግመልም ያስሩ ነበር። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ጉዞ ላይ መልእክተኛ ልከው በግመሎች አንገት ላይ የታሰረው የቀስት ጅማት በሙሉ እንዲቆረጥ አዘዋል። ኢማም ማሊክ ይህን ሲያብራሩ፣ ጅማቱ የሚታሰረው ለዓይን ተብሎ ስለነበር ይመስለኛል ብለዋል። ልብ በሉ፦ የግመል አንገት እንኳ አልቀረም!

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቃል እንመለስ። ዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ካስተላለፉትና ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ከመዘገቡት አንዱ ሐዲስ ዛጎልን በስሙ ይጠራዋል። ይዘቱ፣ ክታብ ያንጠለጠለ ሰው ጉዳዩ እንዳይሞላለት፣ ወደዕ ማለትም ዛጎል ያንጠለጠለ ደግሞ ሰላምና ዕረፍት እንዳያገኝ የሚል ነው። በዐረብኛው "ወደዕ" የሚለው የዛጎል ስምና ሰላም ማግኘትን የሚገልጸው ቃል ከአንድ ሥር የተገጣጠሙ ናቸው። ሰውየው በዛጎሉ የፈለገው ያንኑ ሰላም ነበር፤ የተነፈገውም ያንኑ ነው። በዚህ ሐዲስ ሰነድ ላይ የሐዲስ ዑለማዎች የተለያየ ቃል ስለሰጡ አማናውን ለመጠበቅ እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ከዚያው ከዑቅባ የመጣ ጠንከር ያለ ዘገባ አለ። 10 ሰዎች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጡ። የ9ኙን ቃል ኪዳን ተቀብለው ከአንዱ እጃቸውን ሰበሰቡ። ለምን ሲባሉ ክታብ እንዳንጠለጠለ ተናገሩ። ሰውየው እጁን አስገብቶ በጠሰው፤ ያን ጊዜ ቃል ኪዳኑን ተቀበሉት፤ ክታብ ማንጠልጠል ሺርክ መሆኑንም አስታወቁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላስገንዝብ። አንደኛ፣ ከቁርአን ብቻ የተጻፈ ነገር ስለማንጠልጠል ሰሓቦችና ከእነሱ በኋላ የመጡ ዑለማዎች ሁለት አቋም ነበራቸው፤ የፈቀዱም የከለከሉም አሉ። ይህ ጽሑፍ ያንን ክርክር አያነሳም። የምናወራው ስለ ባዶ የቀንድ አውጣ ቤት ነው፤ እዚያ ውስጥ የተጻፈ አንቀጽ የለም። ሁለተኛ፣ ዑለማዎች እንዳስተማሩን ዛጎሉ በራሱ ይጠብቃል ብሎ ማመንና አላህ ሰበብ ያላደረገውን ነገር ሰበብ አድርጎ መያዝ ደረጃቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ትልቁ ሺርክ ነው፤ ሁለተኛው ከትንሹ ይመደባል። ስለዚህ አያቶቻችሁ ላይ ተነስታችሁ "ከፍራችኋል" እንዳትሉ! ብዙዎቹ አምስት ወቅት የሚሰግዱ፣ ከቤታቸው አውጥተው ለደረሳ ሐቂባ የሚያበሉ፣ ዳናንና ጌታን የመሰሉ የቂርአት ማእከሎች በእንጀራቸው እንዲቆሙ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ዛጎሉን ያሰሩት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ፍቅሩ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መድኃኒቱ ነው።

"ዓይን የለም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ። ዓይን እውነት መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ ተረጋግጧል። ነገር ግን መከላከያውንም ያስተማሩን ያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ለልጅ ልጆቻቸው ለሐሰንና ለሑሰይን በአላህ ቃላት ጥበቃን ይለምኑላቸው ነበር፤ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ) ለኢስማዒልና ለኢስሓቅ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ነግረዋቸዋል። አያተል ኩርሲ አለ፤ ሙዐዊዘተይን አለ። ለበሽታም ታከሙ ብለዋል። ዑመር (ረ.ዐ) የካዕባን ጥቁር ድንጋይ ሲስሙ እንኳ፣ አንተ የማትጎዳና የማትጠቅም ድንጋይ ነህ፣ ነቢዩ ሲስሙህ ባላይ አልስምህም ነበር የሚል መልእክት ተናግረዋል። ያ የተከበረ ድንጋይ እንዲህ ከተባለ ከገበያ በብር የተገዛ ዛጎል ምን ሊባል ነው?

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። ያ ቀንድ አውጣ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ሥር ተደብቆ የሚውለው ጠላት ፈርቶ ነው። ሊይዙት ሲመጡ ቤቱ ውስጥ ገባ። ቤቱ ግን ባለቤቱን ከሰው እጅ አላዳነውም። የራሱን ባለቤት ያላዳነ ቤት የእኛን ልጅ ከወባ ያድናል?

ለእናንተ ለወጣቶቹ

ዛሬ ዛጎል በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል። ወልድያም ደሴም አዲስ አበባም የእጅ አምባር፣ የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ማሰሪያ ሆኖ ይሸጣል። እህቴ፣ ለጌጥ ብለሽ ካደረግሽው የሴት ልጅ ጌጥ ነው፤ አደራረግሽ ሸሪዓውን ይጠብቅ። "ዕድል ያመጣል"፣ "ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወይም በስልክሽ ላይ እንዲህ ተብሎ ሲሸጥ ካየሽ ግን ያ የድሮው ጃሂሊያ በአዲስ ማሸጊያ መሆኑን እወቂ። ወንድሜ፣ አንተም ባጃጅህና መኪናህ መስታወት ላይ ያንጠለጠልከውን ተመልከተው። ለምን ሰቀልከው? ቢወርድ ልብህ ይፈራል? ከፈራ መልሱን አገኘህ።

ቤት ውስጥ ለእናትና ለአያት ሲነገር በአደብ ይሁን። "እማ፣ ነይ አያተል ኩርሲ አብረን እንቅራበት" ብላችሁ ጀምሩ። ትኩሳት ሲኖር ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ዛጎሉ የሚፈታው በጭቅጭቅ ሳይሆን በምትኩ የሚሻል ነገር ሲገባ ነው።

ልጁ ከዳነ ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየዋ ወደ መስጂዱ መጣች። ሦስቱን ዛጎሎች በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ይዛቸው ነበር። ልጇ አንገቱ ባዶ ነው። "ሸኻችን፣ ልጣላቸው ወይስ ላቃጥላቸው?" አለች። ኢማሙ ፈገግ አሉና "እናትሽ አገልግል አላት?" ብለው ጠየቋት። "አላት፤ የተወሰኑት ዛጎሎች ረግፈዋል" አለች። "እንግዲያው እዚያ ላይ ስፊያቸው። አገልግል ላይ ማንንም እንጠብቃለን አይሉም" አሏት። እየሳቀች ሄደች።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በራሱ ጥበቃ ይጠብቅልን፤ ልባችንን ከእሱ ሌላ በማንም ላይ ከመንጠልጠል ያጽዳልን፤ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ይማርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉን ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው፤ ይጠቅማል ካላችሁ ለሌሎች አካፍሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።